ኮምፒውተር አልተኛ ሲል፦ ጥፋተኛውን ድራይቨር ለይቶ ማውጣት

ክዳኑ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ የገባ ላፕቶፕ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲወጣ እንደ ምጣድ ግሎ፣ ባትሪውም ተሟጦ ከተገኘ አልተኛም ነበር ማለት ነው። ማታ ስሊፕ ተደርጎ ያደረ ዴስክቶፕ ጠዋት ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ግን ጨልሞ፣ ማውሱም ኪቦርዱም አልሰማ ብሎ ከተገኘ ደግሞ ወይ ለመተኛት ሲል መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ወይ ተኝቶ መነሣት አቅቶታል። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ዊንዶውስን አጥፍቶ እንደ አዲስ ለመጫን ነው። ጥፋቱ የአንድ ድራይቨር (ዊንዶውስ አንድን ዕቃ የሚያዝበት ፕሮግራም) ከሆነ ግን ትርፉ ድካም ብቻ ነው፤ ዕቃው እንደተሰካ ካለ ያው ድራይቨር ተመልሶ ይጫናል፣ ችግሩም አብሮት ይመለሳል። የሚያዋጣው የትኛው ድራይቨር በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳደናቀፈ አጣርቶ እሱን ብቻ መንካት ነው።

መመሪያው በዋናነት ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው፤ ለሊኑክስ የሚሆነው መጨረሻ ላይ አለ። ትእዛዞችንና የሜኑ ስሞችን የጻፍናቸው እንደሚነበቡት ነው፤ ኪቦርድ ላይ ስትጽፏቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ደጋግመን የምንጠቀምበት «ፓወርሲኤፍጂ» የሚለው ትእዛዝ «ፓወር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ሲ፣ ኤፍ እና ጂ የሚሉት ሦስት ፊደላት ያለ ክፍተት ሲጻፉ ነው።

ድራይቨሩ ምን ማድረግ ነበረበት?

ኮምፒውተሩ ተኛ ሲባል ዊንዶውስ ኤሌክትሪኩን ዝም ብሎ አይቆርጥም። ለእያንዳንዱ ዕቃ ድራይቨር የኃይል ጥያቄ ይልካል፣ መልስም ይጠብቃል። ድራይቨሩ አዲስ ሥራ መቀበል ያቆማል፤ በእጁ ያለውን ይጨርሳል ወይም ይሰርዛል፤ ዕቃው የነበረበትን ሁኔታ መዝግቦ ይይዛል፤ ዕቃው ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ ከተፈቀደለት ያንን ያዘጋጃል፤ በመጨረሻም ዕቃውን ሙሉ ኃይል ካለበት ዲ0 ከሚባለው ደረጃ ጠፍቶ ወደሚቆይበት ዲ3 ያወርደዋል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ይህንኑ በግልባጩ ይሠራል።

ተራው ከጫፍ ወደ ግንድ ነው። ፍላሽ ዲስኩ ከሀቡ (ከዩኤስቢ ማከፋፈያው) ይቀድማል፣ ሀቡ ከዩኤስቢ መቆጣጠሪያው ይቀድማል፣ መቆጣጠሪያው ደግሞ ከተሰካበት የፒሲአይ መስመር ይቀድማል። ስለዚህ አንድ ዌብካም መልስ ካልሰጠ ከእሱ በላይ ያሉት ሁሉ ቆመው ይጠብቃሉ። ጥፋተኛው ዌብካሙ ሆኖ ሳለ ሪፖርት ላይ ስሙ የሚወጣው የዩኤስቢ መቆጣጠሪያው ሊሆን የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ነገር ያዙት፤ ዊንዶውስ ከባድ ብልሽት ሲገጥመው የሚያሳየውን ሰማያዊ ስክሪን ስንመረምር እንመለስበታለን።

መጀመሪያ የችግሩን ዓይነት ለዩ

ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉት። ሻት ዳውን አድርጎ መልሶ ማብራት ግን አይተካውም፤ ፋስት ስታርታፕ የሚባለው ቅንብር በርቶ ከሆነ ሻት ዳውን የሚያደርገው የዊንዶውስን አስኳልና የድራይቨሮቹን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ማጥፋት ነው። መልሳችሁ ስታበሩት የተበላሸው ድራይቨር ከነብልሽቱ ይመለሳል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከባዶ ያስጀምራል። «አጥፍቼ ባበራውም አልተስተካከለም» የሚለው ቅሬታ ከዚህ ሊመነጭ ይችላል።

ከሪስታርት በኋላ ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ ከስታርት ሜኑ በእጃችሁ ስሊፕ የሚለውን ተጫኑና ምን እንደሚሆን ተመልከቱ።

ስሊፕ የሚለው ምርጫ ራሱ ከሜኑው ላይ ከጠፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ የስክሪን ካርዱ ድራይቨር አልተጫነም። ዲቫይስ ማኔጀር (የኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበት የዊንዶውስ መስኮት) ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ በሚለው ሥር «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካያችሁ ምክንያቱ እሱ ነው፤ ይህ ጊዜያዊ ድራይቨር እንቅልፍን አይደግፍም። የካርዱን ትክክለኛ ድራይቨር ስትጭኑ ምርጫው ይመለሳል።

በእጅ ሲታዘዝ የሚተኛ፣ በራሱ ግን ሰዓቱ ደርሶ የማይተኛ ከሆነ «አትተኛ» ብሎ የያዘው ነገር አለ። በእጅ የሚሰጥ ትእዛዝ እንዲህ ያለውን ጥያቄ አልፎ ይሄዳል፣ አውቶማቲኩ ግን ያከብረዋል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ተኝቶ በሰከንዶች ውስጥ የሚነሣ ከሆነ የሚቀሰቅሰው ዕቃ አለ። ስክሪኑ ጨልሞ ፋኑና መብራቱ ካልጠፉ፣ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ፣ መልስ ያልሰጠ ድራይቨር አለ። በደህና ተኝቶ በደህና ተነሥቶ ድምፅ ወይም ዋይፋይ ከጠፋ ደግሞ ድራይቨሩ ዕቃውን ከዲ3 መልሶ ማንሣት አልቻለም። እነዚህን ዓይነቶች አንዱን ከሌላው ጋር አታምታቱ፤ መፍትሔያቸው የተለያየ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አረጋግጡ። ኮማንድ ፕሮምፕት ውስጥ (አከፋፈቱ ቀጥሎ ባለው ክፍል አለ) ፓወርሲኤፍጂ /ኤ ብላችሁ ስታዙ ኮምፒውተራችሁ የሚያውቃቸውን የእንቅልፍ ዓይነቶች ይዘረዝራል። «ኤስ3» ካለ ሜሞሪው ብቻ ኃይል እያገኘ ሌላው የሚጠፋበት የቆየው እንቅልፍ ነው። «ኤስ0 ሎው ፓወር አይድል» ካለ ግን ሞደርን ስታንድባይ የሚባለው ነው፤ ኮምፒውተሩ በእውነት አይጠፋም፣ እያንዳንዱ ዕቃ በየራሱ ዝቅ እንዲል ይጠበቃል። በዚህኛው ዓይነት አንድ ሰነፍ ድራይቨር ብቻውን ባትሪውን ሊጨርስ ይችላል። የቦርሳው ሙቀት ከዚህ ዓይነት ላፕቶፖች ጋር የተያያዘው ለዚህ ነው።

በራሱ የማይተኛ ከሆነ

1. ስታርት ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ብላችሁ ፈልጉ፣ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» የሚለውን ምረጡ። ያለ አድሚኒስትሬተር ፈቃድ ትእዛዙ አይሠራም።

2. ፓወርሲኤፍጂ /ሪኩዌስትስ ብላችሁ ኢንተር ተጫኑ።

3. ዲስፕሌይ፣ ሲስተም፣ አዌይሞድ፣ ኤክሰኪዩሽን የሚሉ ርእሶች ይወጣሉ። በእያንዳንዳቸው ሥር «ናን» ካለ የያዘ የለም ማለት ነው። ዓይናችሁን ሲስተም በሚለው ላይ አድርጉ።

ብዙ ጊዜ የምታገኙት መስመር ይህን ይመስላል፦ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ «ድራይቨር» ይላል፣ ቀጥሎ የድምፅ ካርዱ ስም፣ በስተኋላው ረጅም የመለያ ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ የድምፅ ዥረት በጥቅም ላይ እንዳለ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር። ይህ የድራይቨር ጥፋት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ድራይቨሩ የሚናገረው እውነት ነው፤ የሆነ ፕሮግራም የድምፅ በሩን ከፍቶ ይዟል። ድምፁ የተዘጋ ቪዲዮ ያለበት የብሮውዘር ታብ፣ ከበስተጀርባ የሚሠራ የስብሰባ ፕሮግራም፣ ወይም ማይክሮፎኑ ላይ «ሊስን ቱ ዚስ ዲቫይስ» የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበት መቅረቱ ይበቃል። ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ እየዘጋችሁ ትእዛዙን ድገሙት። ሁሉንም ዘግታችሁም መስመሩ ካልጠፋ፣ ሰርቪስስ በሚባለው የዊንዶውስ መስኮት ውስጥ ዊንዶውስ ኦዲዮ የሚለውን ሪስታርት አድርጉ። ከዚያ በኋላም ከቀረ ወይም በየጊዜው ከተመለሰ፣ አሁን የድራይቨሩ ተራ ነው።

«ኤስአርቪኔት» የሚል ካገኛችሁ ሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ የእናንተን ፋይል ከፍቷል ማለት ነው፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ ያኛው ሲዘጋው ይለቃል።

ጥፋተኛውን አውቃችሁ ማስተካከል ካልቻላችሁ ዊንዶውስ የዚያን ድራይቨር ጥያቄ እንዳይሰማ ማድረግ ይቻላል፦ ፓወርሲኤፍጂ /ሪኩዌስትስኦቨራይድ ድራይቨር "የዕቃው ስም" ሲስተም። ስሙ ሪፖርቱ ላይ እንደተጻፈው መሆን አለበት፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ምንም ስሕተት ሳያሳያችሁ ዝም ብሎ አይሠራም። ለማንሣት መጨረሻ ላይ ያለውን «ሲስተም» ትታችሁ ትእዛዙን ድገሙት። የድምፅ ካርድን እንዲህ ካደረጋችሁት ግን ሙዚቃ እያዳመጣችሁ ኮምፒውተሩ ሊተኛባችሁ ይችላል። እኛ ይህን መንገድ የምንመክረው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ብቻ ነው።

ተኝቶ ወዲያው የሚነሣ ከሆነ

እንደተነሣ፣ ሌላ ነገር ሳትነኩ፣ ፓወርሲኤፍጂ /ላስትዌክ ብላችሁ ጠይቁ። የቀሰቀሰውን ዕቃ ስም ይሰጣችኋል። ባዶ ከመለሰ ኢቨንት ቪወርን (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን መስኮት) ክፈቱ፣ ዊንዶውስ ሎግስ ከዚያም ሲስተም ውስጥ ግቡ፣ ምንጩ «ፓወር ትራብልሹተር» የሆነውን 1 ቁጥር መዝገብ ፈልጉ። የተኛበትና የተነሣበት ሰዓት፣ ከሥሩም «ዌክ ሶርስ» የሚል መስመር አለው። ሰዓቶቹ መጨረሻቸው ላይ «ዜድ» የሚል ፊደል ካለ በዓለም አቀፉ ሰዓት የተጻፉ ናቸው፤ ከግድግዳችሁ ሰዓት ጋር አልገጥም ቢሉ አትደናገጡ።

ከዚያ ፓወርሲኤፍጂ /ዲቫይስኩዌሪ ዌክ_አርምድ ብላችሁ ኮምፒውተሩን ለመቀስቀስ ፈቃድ ያላቸውን ዕቃዎች በሙሉ አውጡ። ብዙውን ጊዜ ማውስ፣ ኪቦርድና የኔትወርክ ካርድ ይገኛሉ። እያንዳንዱን እንዲህ ፈትኑ፦

1. ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዕቃውን ሁለቴ ክሊክ አድርጉ፣ ፓወር ማኔጅመንት የሚለውን ታብ ክፈቱ።

2. «ይህ ዕቃ ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ ፍቀድ» የሚል ትርጉም ካለው ሳጥን ላይ ምልክቱን አንሡ።

3. አስተኙትና 5 ደቂቃ ጠብቁ። አሁንም ከተነሣ ወደሚቀጥለው ዕቃ እለፉ። ሁሉንም በአንዴ ካነሣችሁ ግን የትኛው እንደነበር አታውቁም።

ማውስ ላይ አትሣቁ፤ ትልቁ ቀስቃሽ እሱ ነው። የማውሱ የብርሃን ሴንሰር ከሥሩ ያለውን ገጽ ያለማቋረጥ ያነባል፤ የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ ወይም መስታወት ላይ ከተቀመጠ ማንም ሳይነካው የተንቀሳቀሰ ሊመስለው ይችላል። ገልብጣችሁት አስተኙ። ሳይነሣ ከቆየ መልሱን አገኛችሁ፤ ኪቦርዱ ብቻ የመቀስቀስ ፈቃድ ይኑረው።

የኔትወርክ ካርድ ከሆነ ፈቃዱን ጨርሶ ከመንጠቅ በፊት እዚያው ታብ ላይ «ማጂክ ፓኬት» (ለመቀስቀስ ተብሎ በኔትወርክ የሚላክ ልዩ መልእክት) ሲመጣ ብቻ እንዲቀሰቅስ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት፤ አድቫንስድ ታብ ውስጥ ደግሞ «ዌክ ኦን ፓተርን ማች» የሚለውን ዝጉ። የኋለኛው ክፍት ሲሆን ተራ የኔትወርክ ትራፊክም ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ላስትዌክ የሚሰጠው ስም የዩኤስቢ መቆጣጠሪያው ወይም ሩት ሀቡ (በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ዋናው ሀብ) ብቻ ከሆነ ከኋላው ያለውን ዕቃ መፈለግ አለባችሁ። የኃይል አቅርቦቱ የደከመ ሀብ ላይ የተሰካ ዕቃ ለአፍታ ጠፍቶ ሲመለስ፣ ለኮምፒውተሩ አዲስ ዕቃ የተሰካ ያህል ነው፤ ይቀሰቅሰዋል። ዕቃውን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ።

ፓወርሲኤፍጂ /ዌክታይመርስ ብላችሁ የሰዓት ቀጠሮ ካገኛችሁ ጉዳዩ የድራይቨር አይደለም፤ ከፓወር ኦፕሽንስ ዌክ ታይመርስን ዝጉ።

መንገድ ላይ የሚቀር ወይም ሰማያዊ ስክሪን የሚያመጣ ከሆነ

ከሁሉ አድካሚው ይህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲደርቅ ስለ ራሱ የሚናገርበት ጊዜ የለውም። የኃይል ቁልፉን ከ10 ሰከንድ በላይ ይዛችሁ ካጠፋችሁ በኋላ አብሩትና ኢቨንት ቪወር ውስጥ «ከርነል ፓወር» የሚሉትን መዝገቦች ተመልከቱ። 42 ቁጥር «ወደ እንቅልፍ እየገባሁ ነው» ማለት ነው። ከ42 ቀጥሎ 107 ወይም የፓወር ትራብልሹተር 1 ካለ ተኝቶ ተነሥቷል። ከ42 ቀጥሎ 41 ብቻ ካለ ግን በሁለቱ መካከል ሞቷል። 41 ምክንያቱን አይናገርም፤ የሚለው «ባለፈው በሥርዓት ሳልዘጋ ነው የተነሣሁት» ብቻ ነው። 41ን እንደ በሽታ ቆጥሮ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ይባክናል።

ቀጥሎ ነቅሎ መፈተን ነው።

1. ከኪቦርድ በቀር በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ፦ ፕሪንተር፣ ስካነር፣ ዌብካም፣ ውጫዊ ዲስክ፣ የብሉቱዝ ወይም የዋይፋይ ዶንግል፣ ዶኪንግ ስቴሽን፣ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ገመድ።

2. ሪስታርት አድርጉ።

3. አስተኙ፣ 2 ደቂቃ ጠብቁ፣ ቀስቅሱ። ይህን 3 ጊዜ ድገሙ። አንድ ጊዜ በደህና መተኛቱ ምንም አያረጋግጥም፤ የድራይቨር ብልሽት አንዳንዴ ብቻ የሚታይ ነው።

4. ሦስቱንም በደህና ካለፈ ከነቀላችኋቸው ግማሹን መልሱና ድገሙ። ከደረቀ ጥፋተኛው ከመለሳችሁት ግማሽ ውስጥ ነው፣ ካልደረቀ ከቀረው። ስምንት ዕቃ ቢኖራችሁ በሦስት ዙር አንዱ ጋ ትደርሳላችሁ።

ሁሉም ተነቅሎ እያለም ከደረቀ ጥፋቱ ከውስጥ ነው። ውስጡን መንቀል ስለማይቻል በዲቫይስ ማኔጀር ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዲሴብል አድርጉ፤ ከዌብካም፣ ከብሉቱዝ፣ ከካርድ ሪደርና ከጣት አሻራ አንባቢ ጀምሩ፣ ቀጥሎ ዋይፋይና የድምፅ ካርድ። የዲስክ መቆጣጠሪያዎችንና ሲስተም ዲቫይስስ በሚለው ሥር ያሉትን አትንኩ፤ ኮምፒውተሩ ላይነሣ ይችላል። የስክሪን ካርዱንም በዚህ መንገድ አትፈትኑት፤ ዲሴብል ስታደርጉት ስሊፕ ራሱ ይጠፋልና ፈተናው ትርጉም የለውም። የእሱ ፈተና የድራይቨሩን ቅጂ መቀየር ነው።

የራሱ ዕቃ የሌለው ድራይቨርም አለ። አንቲቫይረስ፣ ቪፒኤንና ቨርቹዋል ማሽን የሚያንቀሳቅሱ ፕሮግራሞች በዲስኩ ወይም በኔትወርኩ ድራይቨር ላይ ተደርበው የሚቀመጡ ድራይቨሮችን ይጭናሉ። ፕሮግራሙን መዝጋት አይበቃም፤ ድራይቨሩ ሥር ሰድዶ ይቆያል። ለመፈተን አንኢንስቶል አድርጎ ሪስታርት ማድረግ ያስፈልጋል። በኤምኤስኮንፊግ የሚደረገው ክሊን ቡት (ተጨማሪ ሰርቪሶችን ዘግቶ ዊንዶውስን ማስነሣት) እዚህ ላይ ያን ያህል የማይረዳው ሰርቪሶችን እንጂ እንዲህ ያሉ ድራይቨሮችን ስለማያቆም ነው።

ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣ

«ድራይቨር ፓወር ስቴት ፌይለር» የሚል ጽሑፍ ያለው፣ ኮዱ 0ኤክስ9ኤፍ የሆነ ስክሪን ከመጣ ደስ ይበላችሁ፤ ማስረጃ ትቶ ነው የሞተው። ዊንዶውስ አንድ ድራይቨር የኃይል ጥያቄን ከልክ በላይ እንደያዘ ራሱ አረጋግጦ ሜሞሪውን ዲስክ ላይ ጽፏል። ደምፕ የሚባለው ይህ ፋይል የሚገኘው ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሚኒደምፕ በሚባለው ነው።

ከማይክሮሶፍት ስቶር በነፃ የሚገኘውን ዊንዲቢጂ የተባለ የብልሽት መመርመሪያ ጫኑ፣ ፋይሉን በእሱ ክፈቱና !አናላይዝ -ቪ ብላችሁ እዘዙ። «ኢሜጅ_ኔም» በሚለው መስመር ላይ የአንድ ፋይል ስም ይወጣል። ስሙ የአንድ ዕቃ አምራች ድራይቨር ከሆነ ሥራችሁ አለቀ። የፒሲአይ ወይም የዩኤስቢ ሀብ ድራይቨር ከሆነ ግን ገና ነው፤ እላይ እንዳልነው የግንዱ ስም የወጣው ጫፉ ስላልመለሰ ሊሆን ይችላል።

ከስሕተቱ ኮድ ቀጥሎ አራት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው 3 ከሆነ ሁለተኛው የዕቃው አድራሻ፣ አራተኛው ደግሞ ሳይመለስ የቀረው ጥያቄ አድራሻ ነው። !አይአርፒ ብላችሁ አራተኛውን ቁጥር ለጥፉ። የድራይቨሮች ዝርዝር ይወጣል፤ ከአንዱ መስመር ፊት «>» የሚል ቀስት ታያላችሁ። ጥያቄው ተይዞ ያለው እዚያ ነው፤ በዚያ መስመር የተጻፈው ድራይቨር ዋናው ተጠርጣሪ ነው። !ዴቭስታክ ብላችሁ ሁለተኛውን ቁጥር ብትለጥፉ ደግሞ የዕቃውን ሙሉ መለያ ታገኛላችሁ። በመለያው ውስጥ «ቪአይዲ» እና «ፒአይዲ» ከሚሉት ቀጥለው ያሉት አራት አራት ምልክቶች አምራቹንና ምርቱን ያመለክታሉ፤ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዲቴይልስ ታብ ላይ ሃርድዌር አይዲስ ከሚለው ጋር ስታመሳክሩ የትኛው ገመድ ጫፍ ላይ ያለ ዕቃ እንደሆነ ይታወቃል።

ሰማያዊ ስክሪን ሳይመጣ ለሚጠረጠር የዩኤስቢ ዕቃ ፓወርሲኤፍጂ /ኢነርጂ ይጠቅማል። ፕሮግራሞችን ዘግታችሁ እዘዙት፤ 60 ሰከንድ ይመለከትና ሪፖርት ይጽፋል፣ ፋይሉ የት እንደተቀመጠም ይነግራችኋል። ሥራ ፈትቶም ወደ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድ (አንድ የዩኤስቢ ዕቃ ብቻውን የሚያርፍበት ሁኔታ) የማይገባ ዕቃ ካለ በስሙና በመለያው ይጠቅሰዋል። ኤስ0 ላላቸው ላፕቶፖች ደግሞ ፓወርሲኤፍጂ /ስሊፕስተዲ የተሻለ ነው፤ ያለፉትን 3 ቀናት እንቅልፎች አንድ በአንድ ዘርዝሮ በየእንቅልፉ ማን ነቅቶ እንዳደረ «ቶፕ ኦፌንደርስ» በሚለው ሥር ያሳያል።

ሲነሣ የሚሞት ዕቃ

ከእንቅልፍ በኋላ ድምፅ ከጠፋ ወይም ዋይፋይ ካልተገኘ፣ ዕቃውን ዲሴብል አድርጋችሁ መልሳችሁ ኢኔብል አድርጉ። ከተመለሰ ዕቃው ደህና ነው፣ የተሳነው ድራይቨሩ ነው። በፓወር ማኔጅመንት ታብ ላይ «ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ይህን ዕቃ እንዲያጠፋው ፍቀድ» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሡ፤ የዩኤስቢ ዕቃ ከሆነ በተሰካበት ሩት ሀብ ላይም እንዲሁ። በፓወር ኦፕሽንስ ዝርዝር ቅንብር ውስጥ ዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድን ለሙከራ ዝጉ። ሞደርን ስታንድባይ ባላቸው ማሽኖች እነዚህ ምርጫዎች ብዙ ጊዜ አይታዩም፤ ያን ጊዜ ያለው መንገድ ድራይቨሩን መቀየር ነው።

ድራይቨር ሲቀየር

አሠራሩ ላይ የሚደረግ ስሕተት ብዙ ነው፤ «አዲሱን ጭኜም ያው ነው» የሚለው አብዛኛው ሰው አዲሱን አልጫነም።

1. ድራይቨር ታብ ላይ ያለውን የቅጂ ቁጥርና ቀን ጻፉ። ሪስቶር ፖይንት (ነገሩ ከተበላሸ ዊንዶውስን ወደ ኋላ የሚመልስ ነጥብ) ፍጠሩ።

2. ችግሩ ከአፕዴት በኋላ የጀመረ ከሆነ ከሌላው ሁሉ በፊት «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን ተጫኑ። ቁልፉ ፈዝዞ ከሆነ የቀድሞው ቅጂ አልተቀመጠም።

3. ካልሆነ ከአምራቹ ድረ ገጽ የተፈለገውን ቅጂ አውርዳችሁ አስቀምጡ። ላፕቶፕ ከሆነ የላፕቶፑ አምራች ያወጣው ከቺፑ አምራች ይቀድማል፤ ለዚያ ማሽን የኃይል አሠራር ተስተካክሎ ሊሆን ስለሚችል ነው።

4. ኢንተርኔቱን አቋርጡ። ይህን ካላደረጋችሁ ዊንዶውስ አፕዴት ያንኑ አሮጌ ድራይቨር ቀድሞ ሊመልሰው ይችላል።

5. አንኢንስቶል ዲቫይስ በሉ፤ በሚመጣው መስኮት ላይ ድራይቨሩም እንዲጠፋ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት አድርጉ። ይህ ካልተደረገ ፋይሉ በማከማቻው ውስጥ ይቀራል፣ ዕቃው እንደታየም ተመልሶ ይጫናል።

6. ሪስታርት፣ ከዚያ አዲሱን ጫኑ፣ እንደገና ሪስታርት። የቅጂ ቁጥሩ መለወጡን በዓይናችሁ እዩ።

ቪው ከሚለው ሜኑ ላይ ሾው ሂደን ዲቫይስስ ብትሉ ከዓመታት በፊት የተነቀሉ ዕቃዎች ፈዝዘው ይታያሉ። የማትጠቀሙባቸውን የፕሪንተርና የቪፒኤን ቅሪቶች አጽዱ። የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚነሣው ፕሮግራም) አፕዴትም አትናቁ፤ ሁሉም ዕቃ ተነቅሎ፣ ድራይቨሩ ተቀይሮ የሚደርቅ ማሽን ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ነው። ባዮስ ስታድሱ ግን ኃይል እንዳይቋረጥ ተጠንቀቁ።

ሊኑክስ ላይ

ሊኑክስ ጥፋተኛውን በስሙ ለመጥራት አያፍርም። ከደረቀ በኋላ አስነሡትና ጆርናልሲቲኤል -ኬ -ቢ -1 ብላችሁ ያለፈውን ቡት የከርነል (የሊኑክስ አስኳል) መዝገብ አንብቡ። «ፒኤም፦ ሰስፔንድ ኤንትሪ» ከሚለው በታች ነው የሚፈለገው። «ፌይልድ ቱ ሰስፔንድ» የሚል መስመር የዕቃውን አድራሻና የስሕተት ቁጥር ይይዛል፦ -16 ከሆነ ዕቃው ሥራ ላይ ነኝ ብሏል፣ -110 ከሆነ በጊዜው አልመለሰም። «ፍሪዚንግ ኦቭ ታስክስ ፌይልድ» ካለ ደግሞ ከርነሉ 20 ሰከንድ ጠብቆ ያልቆመለት ፕሮሰስ አለ፤ ብዙ ጊዜ የተቋረጠ የኔትወርክ ዲስክ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሳይደርቅ ተመልሶ ከተነሣ ሲስ በሚባለው ፎልደር ሥር፣ ፓወር ውስጥ፣ ሰስፔንድ_ስታትስ የሚባለው ፎልደር የመጨረሻውን ጥፋተኛ ዕቃና ደረጃ ይዟል።

መዝገቡ ባዶ ከሆነ እዚያው ፓወር ፎልደር ውስጥ ያለው ፒኤም_ቴስት የሚባል ፋይል ደረጃ በደረጃ ለመፈተን ያገለግላል። እንደ ሩት (ሙሉ ፈቃድ ያለው ተጠቃሚ) ሆናችሁ «ፍሪዘር» ብላችሁ ጻፉበትና አስተኙ፤ ከርነሉ ፕሮሰሶቹን ብቻ አቁሞ ከ5 ሰከንድ በኋላ ራሱ ይመለሳል። ካለፈ «ዲቫይስስ» ብላችሁ ድገሙ። በመጀመሪያው አልፎ በሁለተኛው ከደረቀ ጥፋቱ የድራይቨር ነው። ሁለቱንም አልፎ «ፕላትፎርም» ላይ ከወደቀ ዓይናችሁን ወደ ባዮስ አዙሩ። ሲያበቃ «ናን» ብላችሁ መመለስ አትርሱ፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ በተኛ ቁጥር በ5 ሰከንድ እየተነሣ ያስደነግጣችኋል።

የተጠረጠረውን ሞዱል (ሊኑክስ ላይ ድራይቨሩ ያለበትን ክፍል) በሞድፕሮብ -አር አውርዳችሁ አስተኙ። ያለ እሱ በደህና ከተኛ፣ ትክክለኛው ድራይቨር እስኪመጣ ድረስ ሲስተምዲ-ስሊፕ (ሊኑክስን የሚያስተኛው ፕሮግራም) ስክሪፕቶችን በሚያነብበት «ሲስተም-ስሊፕ» ፎልደር ውስጥ አጭር ስክሪፕት አስቀምጡ፤ የመጀመሪያው ግቤት «ፕሪ» ሲሆን ሞዱሉን ያውርድ፣ «ፖስት» ሲሆን መልሶ ይጫን። ስክሪፕቱ የመሥራት ፈቃድ ከሌለው ሳይነካ ይታለፋል፤ ችግሩ አልተፈታም ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ያን እዩ።

ስሕተቱን ለአምራቹ ወይም ለከርነል ገንቢዎች ስታሳውቁ የዕቃውን ቪአይዲና ፒአይዲ፣ የድራይቨሩን ቅጂ፣ የባዮሱን ቅጂ፣ ኤስ3 ወይም ኤስ0 መሆኑን፣ ከስንት ሙከራ ስንቱ እንደወደቀ፣ ከተቻለም የደምፕ ፋይሉን ላኩ።